መርፌ የነካው ጃኬት

ሰው ልጁን የሚጎዳው በክፋት ብቻ ይመስላችኋል? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው። ኧረ አልተውም! ፍርዱንም እኔው እናገራለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉድ አይቶ ዝም የሚል አንጀት የለኝም።

የምሠራው ጥልፍ ቤት ነው። ሥራዬ መተኮስ ነው፤ በካውያ ማለቴ ነው፣ እንዳትደነግጡ። የጥልፍ መኪኖቻችን ቀኑን ሙሉ ይንጫጫሉ፤ የሆቴሉን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የጥበቃ ድርጅቱን አርማ በየደንብ ልብሱ ላይ እንጠልፋለን። የቤቱ ባለቤት እትዬ ናቸው። እትዬ ያልጠለፉበት ጨርቅ የለም። የመስኮቱ መጋረጃ፣ የወንበሩ ልብስ፣ የእጅ ፎጣው፣ እኔ ካውያ የምይዝበት ቁራጭ ጨርቅ ሳይቀር አበባ አለው። «ባዶ ጨርቅ ሳይ እጄን ይበላኛል» ይላሉ። እኛም አንድ ቦታ ብዙ ከቆምን እኛኑ ይጠልፉናል እየተባባልን እንስቃለን።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ቤቱ በሙሉ ወፌ ነው የሚላት። የዕድሜ እኩዮቿ ገና ሲድሁ እሷ «ወፌ ቆመች» ሲባልላት ተነሥታ ሮጠች ይባላል፤ ስሙም በዚያው ቀረ። እጇ የእናቷ እጅ ነው፤ እንዲያውም ሳትበልጣቸው አትቀርም። እትዬ ሲደክማቸው ቤቱን የምትረከበው እሷ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ከእሷ ወዲያ ዓለም የላቸውም።

ባለፈው ጊዜ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ወጣቶቹ ሠራተኞች ተራራ እንውጣ አሉ። እትዬ ደስ አላቸው። «እኔም እወጣለሁ፣ ለሁላችሁም ጃኬት የምገዛው እኔ ነኝ» አሉ። ደግ ሐሳብ ነበር። እኔና ወፌ ተከትለናቸው ወደ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ደረቅ ፊት ያለው፣ ነገር ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነው።

«ብርድ ብቻ ነው ወይስ ዝናብም ይኖራል?» ሲል ጠየቀ።

«እሱን ምን አውቄ! ተራራ ነው» አሉ እትዬ።

«እንግዲያው ለሁለቱም የሚሆነውን ይውሰዱ። ውጩ ውኃ አያስገባም፣ ውስጡ ላባ ነው። ከሥር የሱፍ ሹራብ እንዲገባበት ሰፋ ያለውን ይምረጡ። ኮፍያውንም ይዩት፣ ጥብቅ ይላል። ልጆቹ ከሥር የጥጥ ካናቴራ እንዳይለብሱ ይንገሯቸው፤ ጥጥ ላቡን ይዞ መልሶ ያበርዳል።» ከዚያ አንዱን ጃኬት ገለበጠና የውስጡን ስፌት አሳየን። በስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ማሸጊያ ተለጥፎበታል። «ይኸውላችሁ፣ ፋብሪካው የራሱን መርፌ ቀዳዳ ፈርቶ ደፍኖታል። ውኃ ከገባ ላባው ጭቃ ነው የሚሆነው።»

እትዬ ግን ጀርባውን እየዳሰሱ ነበር። ዓይናቸው በርቷል። «እንዴት ያለ ሰፊ ሜዳ ነው! አርማችን ያምርበታል።»

ሰውየው ደነገጠ። «እናቴ፣ ይሄንንማ በመርፌ እንዳይነኩት!»

እትዬ ከት ብለው ሳቁ። «ለቀባሪው አረዱት! ልጄ፣ እኔ በመርፌ ያረጀሁ ሰው ነኝ እኮ።»

«እኔ የፈራሁት ለእርስዎ አይደለም፤ ለጃኬቱ ነው።»

«ጨርቅ የተፈጠረው ለመርፌ ነው» አሉና ወደ መክፈያው አለፉ። ሻጩ ወፌን አያት። ወፌ ፈገግ ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እናቷን ታውቃቸዋለች።

በእኛ ጃኬት ደረት ላይ የአውራ ጣት የምታክል አርማ ተጠለፈች። የወፌን ግን እትዬ ለማንም አልሰጡም። በራቸውን ዘግተው በመኪናም በእጅም ሠሩት። ሲያወጡት ሁላችንም አፋችንን ያዝን። ክንፏን ከትከሻ እስከ ትከሻ የዘረጋች ወፍ፣ ላባዋ አንድ በአንድ በተለያየ ክር የተለቀመ፣ ጅራቷ እስከ ወገብ የሚወርድ! እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በጥልፉ መሀል መሀል የጃኬቱ የውስጥ ላባ ብቅ ብቅ ይል ነበር። «ወፊቱ እውነተኛ ላባ አበቀለች!» ብለን ተሳሳቅን፤ እትዬም እየሳቁ በመቀስ ከረከሙት። ከሁላችንም አብልጠው ስለሚወዷት ከሁላችንም አብልጠው በሱላት። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ተራራው ሥር ስንደርስ የቀጠርነው መንገድ መሪ ሰማዩን አየና ፊቱን አጨፈገገ። ከመኪናው የላስቲክ ካፖርቶች አውጥቶ ማደል ጀመረ። «ደመናው አላማረኝም። ሁላችሁም ከላይ ደርቡ።» እኛ ተቀበልን። ወፌም እጇን ዘረጋች።

«አንቺ ደግሞ!» አሉ እትዬ። «ወፊቱን ልትደብቂያት ነው? ጫፉ ላይ ፎቶ ሳንነሣ? ለእኔ አምጭው፣ እኔን ማን ያየኛል።»

መንገድ መሪው፣ «ኧረ ለእርስዎም አለ፣ ለእሷም አለ» አለ።

«ለእሷ አያስፈልጋትም። የለበሰችው ውኃ አያስገባም፤ ሻጩ ራሱ ነው የነገረን።»

ወፌ እናቷን አየቻቸው። እትዬ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ነበር። «እሺ፣ እማዬ» አለችና ላስቲኩን መለሰች። ይኸው ነው።

ዝናቡ የመጣው ግማሽ መንገድ ከወጣን በኋላ ነው። በረዶ የተቀላቀለበት፣ በነፋስ እየተገፋ አግድም የሚመጣ ዝናብ ነበር። ወፌ መንገድ ስትሄድ ማንጎራጎር ልማዷ ነው፤ ዝም ማለቷን መጀመሪያ ያስተዋለ የለም። ቀጥሎ ጥርሷ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ቀጥሎ በሜዳው መሬት ተደናቀፈች። «ደህና ነሽ?» ስላት «ደ...ህና» አለችኝ፣ ምላሷ እንደ ሰካራም ተሳስሮ። አንዱ ከኋላ «ወፌ ሳታካፍለን ጠጥታለች!» አለና ሳቅን። ሳቅን!

ጥቂት እንደሄድን መንቀጥቀጧ ቆመ። እትዬ ፊታቸው ፈካ። «ተመስገን፣ ሞቃት» አሉ።

ወዲያው ወፌ ቆመች። የጃኬቷን ዚፕ እስከ ታች ከፈተችና አውልቃ ጭቃው ላይ ጣለችው። ቀጥላ ሹራቧን ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። በዚያ ዝናብ! በዚያ ነፋስ! ፊቷ ላይ ደግሞ ፈገግታ አለ። «ሞቀኝ፣ እማዬ» አለች። ከንፈሯ የሰው ከንፈር አይመስልም ነበር።

መንገድ መሪው ከፊት እየሮጠ ተመለሰ። «ያዟት! አልሞቃትም፣ እየሞተች ነው! ሰውነቷ ብርዱን መታገል ትቶ ነው!»

ደግነቱ የተጓዦች መጠለያ ቅርብ ነበር። ተሸክመናት ገባን። እርጥቡን ልብስ ሁሉ አወለቅንላት፤ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቀለልናት፤ እኔ አብሬያት ገብቼ አቀፍኳት። የወንዝ ድንጋይ ያቀፍኩ ነው የመሰለኝ። እትዬ እጇን ይዘው በኃይል ማሸት ሲጀምሩ መንገድ መሪው ከለከላቸው። «አይሹት፣ ይጎዳታል! ቀስ ብላ ትሙቅ።» ከዚያ የወፌን ጃኬት አነሣና ጨመቀው። ውኃው ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ። ውስጡ የነበረው ላባ እንደ እርጥብ ሊጥ ታች ተጓጉሎ ቀርቷል። ገለበጠው፤ በውስጥ በኩል ትከሻው፣ ጀርባው፣ ወገቡ ሁሉ በመርፌ ተወግቷል።

«ይሄንን ማነው ወንፊት ያደረገው?» አለ።

ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ቀስ ብለው። «እንዲያምርባት ብዬ።»

መንገድ መሪው ቀና ብሎ አያቸው። የለበሱት ላስቲክ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ልብሳቸው ደረቅ ነው። ያንን አስተያየት አልረሳውም።

በቃሬዛ አወረድናት። ሐኪሙም «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ልቧ ይቆም ነበር» አለን። ተረፈች። አሁን እትዬ ትምህርት ያገኙ ይመስላችኋል? ወይ ግትርነት! ወፌ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ወሬው በተነሣ ቁጥር «ዝናቡ ነው» ይላሉ፤ «ተራራው ነው፣ ዕድል ነው። ጃኬት ምን አደረገ? እናንተስ ለብሳችሁ አልነበር?»

እኔ አላስችል ብሎኝ «የእኛማ አርማ ጣት የምታክል ናት፣ እትዬ፤ ላስቲክም ደርበን ነበር» አልኩ።

«አንቺ ካውያሽን ያዢ!» አሉኝ። ያዝኩ። ምን ላድርግ? እናት ያንን በገዛ እጄ አደረግኩት ብላ ማመን እንዴት ይቻላታል? እንደሚከብዳት ይገባኛል። ግን ያላመኑት ጥፋት ይደገማል፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነበር።

ወፌ ወደ ሥራ ተመለሰች። ፈዘዝ ብላለች። መርፌ ላይ ክር ማስገባቱን «ዓይኔ ደክሟል» እያለች ለሌላ ትሰጣለች። እኛም በሽታው ገና አለቀቃትም አልን። እትዬ ሾርባ ያመጡላታል፣ ትከሻዋ ላይ ሻርፕ ያደርጉላታል፤ እሷም «ደህና ነኝ፣ እማዬ» ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት የተራራ ወጪዎች ማኅበር ጸሐፊ መጣ። ሁለት ትላልቅ ቦርሳ ሙሉ ጃኬት ይዟል። «ወጣቶቻችን ከፍ ወዳለው ተራራ ሊወጡ ነው፣ ጀርባው ላይ አርማችንን ጥለፉልን» አለ።

እኔ ካውያዬን ቁጭ አደረግኩ። እትዬ ግን «እንዴታ! ጀርባውን ሙሉ ነው?» ብለው የክር ናሙናውን ዘረጉለት።

ወፌ መስኮቱ ሥር ትራስ ልብስ በእጇ ትጠልፍ ነበር። ቀና አለች። «እማዬ፣ አይሆንም። አንቀበለው።»

«አንቺ ደግሞ ፈሪ ሆነሽ ቀረሽ! ሁልጊዜ ዝናብ አይዘንብም» አሏትና ወደ ሰውየው ዞሩ። ወፌ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እነሱ ስለ ቀለም ሲነጋገሩ እኔ ወፌን እያየሁ ነበር። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ክር መስሎኝ ነበር፤ ግን የምትጠልፈው በአረንጓዴ ነው። ቀዩ ሰፋ። ያኔ ነው መርፌው የት እንዳለ ያየሁት። ጣቷ ውስጥ ገብቷል፣ ከጥፍሯ ሥር! እሷ ግን ክሩ ለምን እንደተያዘባት እየተገረመች ይበልጥ ትስበዋለች።

ጮኽኩ። እትዬ ዞሩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ልጄ! ጣትሽ!»

ወፌ እጆቿን ገለባብጣ አየቻቸው።

«የቱ?» አለች።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እትዬ ሮጠው ሄደው መርፌውን ነቀሉት። ከዚያ ሌሎቹን ጣቶቿን ተራ በተራ መጫን ጀመሩ። «ይሄስ?» «አይ።» «ይሄስ?» «አይ፣ እማዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተራራው ወዲህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ወፌ አቀረቀረች። «ጥልፉን የጠለፍሽው አንቺ ስለሆንሽ።»

እትዬ የልጃቸውን እጅ ፊታቸው ላይ አድርገው፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። «እኔ ነኝ! ዝናብ አይደለም፣ ዕድል አይደለም፣ እኔ ነኝ!» ያን ያህል ጊዜ አብሬያቸው ስሠራ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡና ጃኬቶቹን እየሰበሰቡ ቦርሳው ውስጥ መለሱ። «ይዘህልኝ ሂድ» አሉት ሰውየውን። «አርማችሁን በኮፍያ፣ በሻንጣ፣ በባንዲራ አምጣው፣ አሳምሬ እጠልፈዋለሁ። ይሄን ግን እኔም አልነካው፣ ሌላም እንዳይነካው።»

ሰውየው ግራ ገባው። «እትዬ፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ እኮ። እንግዲያው ሌላ ቤት መውሰዴ ነው።»

«ከመውሰድህ በፊት ልጄን ጨብጣት።»

እጁን ዘረጋ። ወፌም ዘረጋችለት፤ ተጨባበጡ። እሱ እጁን ከሰበሰበ በኋላ የወፌ እጅ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ለቅቋት እንደሆነ ለማወቅ ዝቅ ብላ ማየት ነበረባት። ሰውየው ቦርሳዎቹን አነሣና ወጣ። በኋላ እንደሰማሁት ጃኬቶቹን ለየባለቤቶቹ ጀርባቸው ባዶ እንደሆነ መልሷቸዋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ለብርድ የተሠራን ልብስ ለብርዱ ብላችሁ ግዙት። የምትሄዱበት አገር ዝናብ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ፤ ከሥር የሱፍ ሹራብ የሚገባበት ይሁን፤ አትንኩት የተባለውን አትንኩ። ከልጆቻችሁ ጋር ስትወጡ ደግሞ «በርዶሃል? በርዶሻል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እጃቸውን ያዙ፣ ልብሳቸውን ከውስጥ ዳስሱ። ልጅ እናቱን ላለማስከፋት ሲል ብርዱን ችሎ «ደህና ነኝ» ይላል፤ እኔ አይቻለሁ።