የሕይወት ፊት

ሰኞ ጠዋት ሀይማኖት የእህቷን የፊት ክሬም ሱቅ ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የተቀበላት የታፈነ የከሰል ሽታ ነው። የውስጠኛውን ክፍል መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ፣ እህቷ ሕይወት ደንበኞች በሚታከሙበት አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ፊቷ በነጭ ክሬም ተለብጧል። እጆቿ ሆዷ ላይ ናቸው። ከአልጋው ግርጌ ያለው የከሰል ምድጃ አመድ ብቻ ቀርቶበታል፤ መስኮቱም ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

«እታለም!» ብላ እጇን ስትይዛት እጇ በረዶ ሆኗል።

ኢንስፔክተር ወርቅነሽ ስትደርስ ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ የተለመደ ነው፤ ከሰል ሰው ሲገድልም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እሁድ ከሰዓት ደግሞ መብራት ጠፍቶ ውሏል። ሕይወት እሁድ እሁድ ብቻዋን እየመጣች ክሬሞቿን ታዘጋጅ ነበር። ፊቷን ተቀብታ ጋደም አለች፣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ከሰሉ ገደላት። ሰዉ ይህንኑ እየተቀባበለ ከንፈሩን ይመጥ ነበር።

ወርቅነሽ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። ከመናገሯ በፊት አስከሬኑ ላይ ጎንበስ ብላ ክሬሙን አሸተተች። ምንም አይሸትም። ንጹሕ ጥጥ አስመጥታ ጉንጯን ጠረግ አደረገች፤ ከነጩ ክሬም ሥር ቡናማ ፓውደር ወጣ። ክሬሙ ቅንድቧንና ሽፋሽፍቷን አልፎ ፀጉሯ ሥር ደርሷል። ጣቶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ንጹሕ ናቸው።

ሀይማኖትን ወደ ፊተኛው ክፍል አስወጥታ አስቀመጠቻት።

«እህትሽ እዚህ ምን ነበር ሥራዋ?»

«ለሰው እንደየቆዳው የሚስማማውን መምረጥ ነው፤ የምታዘጋጀውም እሷው ናት።»

«እንዴት ነው የምትመርጠው?»

«መጀመሪያ ፊታቸውን ታስታጥባቸዋለች። ምንም ሳይቀቡ ቁጭ ይላሉ። ቆየት ብላ ሶፍት ግንባራቸው ላይ፣ አፍንጫቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ ጫን ታደርጋለች። ሶፍቱ ወዝ ከያዘ ወዛም ቆዳ ነው፤ ቀለል ያለውን ጄል ትሰጣለች። ቆዳው ከተወጠረና ከተላጠ ደረቅ ነው፤ ወፍራሙን ክሬም። ግንባሩ ወዝቶ ጉንጩ የሚደርቅ አለ። ሽቶ ሲነካው የሚቆጣም አለ።»

«ሳታይ አትሸጥም?»

«በጭራሽ። ሰዉ ይናደድባታል። ‹እገሊት የተቀባችውን ስጭኝ› ይላሉ። እሷ ደግሞ ‹ለእሷ የተስማማ አንቺን ሊያቃጥልሽ ይችላል› ትላቸዋለች። ቆዳዬን አፍኪልኝ የሚሏትንማ ታባርራቸዋለች።»

«የራሷስ ቆዳ?»

«ወዛም ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በብጉር ስትሠቃይ ነው የኖረችው። ለዚህ ሥራ ያበቃትም እሱ ነው። ወፍራም ክሬም ከነካት በማግስቱ ፊቷ ያብጣል።» የሀይማኖት ዓይን ድንገት ወደ መጋረጃው ሄደ። «ኢንስፔክተር... አሁን ፊቷ ላይ ያለው እኮ...»

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት ወርቅነሽ። «ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔ፣ እሷ፣ ባሏ ታምራት። በሩ ግን ከውጭ ሲስቡት ራሱ ይቆለፋል።»

«የተጣላት ሰውስ?»

ሀይማኖት ተነስታ የጠራውን የመስታወት መደርደሪያ ትጠርገው ጀመር። «ማኅደረማርያም የምትባል የፋብሪካ ሠራተኛ አለች። ፊቷ ተበላሽቶባት ባለፈው መጥታ ስታለቅስ ነበር። ‹እንዳጠፋሽኝ ጥፊ› አለቻት።»

«ምን ተቀብታ ነው የተበላሸው?»

«እኔ... አላውቅም» አለች ሀይማኖት፤ መጥረጉን ግን አላቆመችም።

ቀትር ሳይሆን ማኅደረማርያምን ፖሊስ ጣቢያ አመጧት። ገና ለጋ ልጅ ናት፤ ከእነዋሪ ሥራ ፍለጋ የመጣች። ጉንጮቿ እንደ ቃጠሎ ቀልተው ሳስተዋል፤ ከዓይኖቿ ሥር ደግሞ ጥቁር ምልክት ወጥቷል። ሰው ሲያያት አንገቷን አትደፋም፤ መደበቁ የሰለቻት ትመስላለች።

«ክሬሙን ከማን ገዛሽ?»

«ከሱቁ ነው። የሱቁ ስም ያለበት ብልቃጥ።»

«ከሕይወት ከራሷ?»

«ከእህትየዋ። እትዬ ሕይወት ያን ቀን አልነበረችም። ሰርጌ ደርሶ ነበር፤ ትንሽ ፈካ ልበል ብዬ ነው። መጀመሪያ አማረብኝ። የፋብሪካው ሴት ሁሉ ምን ተቀባሽ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ከዚያ መላጥ ጀመረ።»

«ሰርጉስ?»

«ቀረ» አለች።

«እሁድ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ተኝቼ። ያየኝ ሰው የለም፤ እኔም እንዲያየኝ አልፈልግም።»

«ሕይወትን ስትሰድቢያት ምን አለችሽ?»

«ብልቃጡን አምጪው አለችኝ። ከፍታ አሸተተችው። ፊቷ ልውጥ አለ። ‹ይሄ የእኔ አይደለም። ከየት እንደመጣ ግን ሽታውን አውቀዋለሁ› አለች። የምትዋሸኝ መስሎኝ ጮህኩባት።» ልጅቷ እጆቿን ጭኖቿ መካከል ቀበረች። «እንድትሞት ተመኝቻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ግን አልነካኋትም።»

ወርቅነሽ ልጅቷን አላሰረቻትም። የጣቢያው ባልደረቦቿ አጉረመረሙ፤ እሷ ግን ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች።

ታምራት ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንኮበር መድኃኒት ቤት ያለው፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ሰው ነው። ነፋሱ ድንኳኑን እየገለበ የለቀስተኛውን ሁሉ ፊት አመድ አስመስሎታል፤ የእሱ ፊት ግን ይለሰልሳል። ወርቅነሽን ሲያይ ብድግ አለ።

«እግዜር ያጥናዎት» አለችው።

«አሜን። ምን ልርዳዎት?»

«እሁድ የት ነበሩ?»

«አንኮበር ተረኛ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ዋልኩ፣ ጉም ስለነበር እዚያው አደርኩ። ባልቀር ኖሮ...»

ወርቅነሽ እጆቿን አሻሸች። «ይሄ ብርድ ቆዳችንን ፈጀው። የእርስዎ ግን ደህና ይዞታል።»

ታምራት ከኮቱ ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። «ሕይወት ናት የምትሠራልኝ። ቆዳዬ ደረቅ ነው፤ አንኮበር ደግሞ ነፋሱ ከዚህ ይብሳል። ይቀቡ።»

ወርቅነሽ በእጇ ጀርባ ላይ አደረገች። ወፍራም ነው። እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«እሷስ ምን ነበር የምትቀባው?»

«ይሄንኑ ነው እንጂ። ጠዋት ጠዋት በእጇ እኔን ትቀባኝና የተረፈውን ራሷ ትቀባለች። አንድ ብልቃጥ ነው የነበረን» አለና እንባውን ጠረገ።

«ልውሰደው?»

«ይውሰዱት። ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል።»

ከድንኳኑ ስትወጣ ሀይማኖትን ለብቻዋ ጠራቻት። «ሱቁ ውስጥ ያለው ወፍራም ክሬም ሽታ አለው?»

«ሁሉም የጽጌረዳ ዘይት ጠብ ይደረግበታል።»

«ሽታ የሌለው ለማን ትሠራለች?»

«ለታምራት ብቻ። ሽቶ ቆዳውን ያስቆጣዋል።»

በማግስቱ ወርቅነሽ አንኮበር ወጣች። ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ያለውን መጋዘን የሚጠብቁት አቶ ወልደተንሣኤ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መለሱላት። «እሁድ ተረኛ? ኧረ የለም! ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዘግቶ በመኪናው ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ተገናኝተናል። ሰላም ብሎኛል። አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ያኔ ግን ሰላም አላለኝም።»

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲደርስ ሠልስቱ ወጥቶ ነበር። ወርቅነሽ ሦስቱንም እዚያው ሱቅ ጠራቻቸው። ታምራት ደንበኞች የሚጠብቁበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሀይማኖት መደርደሪያውን ተደግፋ ቆመች። ማኅደረማርያም በሩ አጠገብ ናት። ሁለት ፖሊሶች ደጅ ቆመዋል።

«ልጅቷ ናት ማለት ነው?» አለ ታምራት ወደ ማኅደረማርያም እያየ። «ለአንድ ፊት ብላ ሰው ትገድላለች?»

«ቀስ ብለን እንሂድ» አለች ወርቅነሽ። «ሰዉ ሁሉ ከሰል ገደላት ብሏል። እውነት ነው፣ የገደላት ከሰል ነው። ግን ሆዷ ውስጥ ሻይ፣ ደሟ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። እና ከሰሉን ያስገባው፣ መስኮቱን የዘጋው ማን ነው?»

ወርቅነሽ ወደ መጋረጃው ጠቆመች።

«ከክሬሙ ሥር ፓውደር አገኘሁ። ሕይወት ደንበኛ እንኳ ሳይታጠብ አልጋው ላይ አታስተኛም ነበር። የራሷን ፊት ሳትታጠብ ትቀባለች? ዓይኗ ላይ ሳይቀር ትለብጠዋለች? ቀብታስ ጣቷ እንዴት ንጹሕ ይሆናል? ተኝታ ሳለ ሌላ ሰው ነው የቀባት። ፊቷን እየተንከባከበች የሞተች እንዲመስል።»

«ማን ነው እሱ?» አለች ማኅደረማርያም።

«ክሬሙ ይነግረናል። ወፍራም ነው፣ ለደረቅ ቆዳ የሚሆን። የሕይወት ቆዳ ወዛም ነበር። ሀይማኖት ይህን ታውቃለች፤ እሷ ብትሆን ጄሉን ታነሳ ነበር፣ ፊቷንም ታጥባት ነበር። ሌላ የማያውቅ ሰው ገብቶ ከዚህ መደርደሪያ ወፍራሙን አንስቶ ቢሆን ደግሞ ጽጌረዳ ይሸት ነበር። ይሄ ግን ምንም አይሸትም።» ወርቅነሽ ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው። «አቶ ታምራት፣ ሽታ የሌለው ለእርስዎ ብቻ ነው የሚሠራው። በገዛ እጅዎ ነው የሰጡኝ።»

«በክሬም ሰው ይከሰሳል?» ታምራት ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከእኔ እየወሰደች ትቀባ እንደነበር ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረውኛል። እኔም ያኔ ነው የገባኝ።» ወደ ሀይማኖት ዞረች። «እሱን ቀብታ የተረፈውን ምን ታደርገው ነበር?»

«እጇን ነበር የምትቀባው» አለች ሀይማኖት። «እጇን ብቻ። ፊቷን አስነክታው አታውቅም።»

«በየቀኑ ፊት ለፊትዎ ቆማ ስትቀባዎት ኖራለች» አለች ወርቅነሽ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እርስዎ ግን የት እንደምታብሰው እንኳ አላዩም። እሁድ ዕለት እዚህ ቆመው ይሄን ሁሉ ብልቃጥ ሲያዩ የትኛው የእሷ እንደሆነ አላወቁም። ስለዚህ ከኪስዎ ያለውን አወጡ። አንኮበር ተረኛ ነበርኩ ያሉኝም ውሸት ነው፤ አቶ ወልደተንሣኤ ሲሄዱም ሲመለሱም አይተውዎታል። የእንቅልፍ መድኃኒቱንም ቢሆን እንደ እርስዎ የሚቀርበው የለም።»

ታምራት ወለሉን እያየ ቀረ። የተናገረችው ሀይማኖት ናት።

«የሚያፈካውን ክሬም እሱ ነው የሚያመጣልኝ» አለች። «እህቴ የምታባርራቸውን ሴቶች አንቺ ያዥልኝ አለኝ። ከመድኃኒት ቤቱ ቅባት ጋር ራሱ ቀላቅሎ በእኛ ብልቃጥ ይገለብጠዋል፤ እህቴ ሽታውን ያወቀችው ለዚህ ነው። ጉዳት የለውም አለኝ። የተማረ ሰው ነው ብዬ አመንኩት።» ወደ ማኅደረማርያም ማየት አልቻለችም። «እሷ ስትመጣና ስታለቅስ እኔ እዚህ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። እህቴ ስትሰደብ ዝም አልኩ።»

«ለመንኳት» አለ ታምራት ቀና ሳይል። «ተይው፣ ልጅቷን በድብቅ አሳክማታለሁ አልኳት። እሷ ግን ሰኞ ልጅቷን ይዤ ሄጄ አመለክታለሁ፣ የእኔም ሱቅ ይዘጋ፣ የአንተም ይዘጋ አለችኝ። ለብሩ ብዬ አልነበረም የለመንኳት፤ ለስማችን ነው። ሁላችንንም ልታጠፋን ነበር።»

«እና ሻይ አቀረቡላት።»

«ምንም አልተሠቃየችም» አለ፤ የሚያጽናናቸው ይመስል።

ሀይማኖት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ሰኞ?» አለች ማኅደረማርያም ቀስ ብላ። «ሰኞ ወደ እኔ ልትመጣ ነበር?»

ወርቅነሽ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች፤ ታምራትን ወስደውት ወጡ። ለሀይማኖትም «በክሬሙ አንቺም ትጠየቂያለሽ። ሱቁን ዝጊና ተከተይኝ» ብላት ወደ መኪናው ሄደች።

ሀይማኖት ቁልፉን ስትፈልግ ሁለት ወጣት ሴቶች ገቡ። አለባበሳቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያስመስላቸዋል።

«ነፍስ ይማር፣ ሰምተናል» አለች አንደኛዋ። መደርደሪያውን ቃኘት አደረገችና ጨመረች፤ «ያ የሚያፈካው ክሬም ግን አለ? ጓደኛችን ከዚህ ነው የገዛችው።»

ማኅደረማርያም ከበሩ አጠገብ ተነስታ ወደ ብርሃኑ ቀረበችላቸውና ፊቷን አሳየቻቸው።

«ይሄን ነው የተቀባሁት» አለች። «እዩኝ።»

የጠየቀችው ልጅ አየቻት። ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ «ውይ፣ በማርያም!» አለች። ከዚያ ወደ ሀይማኖት ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለእኔ ግን ይስማማኝ ይሆናል። እንደየቆዳው አይደል?»