ቅዳሜ የሚሄድ ባቡር

የክትትል መሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንደሚለው ወንድምአገኝ የወለቃ ልጅ ነው፤ አምስት ዓመት ሃይፋ ኖሮ የባሕር ዳርቻውን ከተሞች አንድ በአንድ ዞሯል። እናቱ ቢጠየቁ ግን ልጃቸው ንብረት ይባላል፤ ከጎርጎራ ወዲያ ውሃ አይቶ አያውቅም።

ዛሬ መዝገቡ ማሸነፍ ነበረበት።

ማኪናዋ ወለቃን አልፋ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ትወጣለች። አያ ሰጠኝ ይነዳል። ንብረት መሃል ተጣብቋል። በበሩ በኩል አሽቀሎን ያደገችው ሳሪት አለች፤ «ባሕር ማዶ እንልካችኋለን» እያለች ለሰጠኝ ወጣቶችን የምትመለምል እሷ ነች። ከእነዚህ ወጣቶች አሥራ አንዱ አንድ መጋዘን ውስጥ ከተቆለፈባቸው አሥራ ሰባት ቀናቸው። ንብረት፣ ወጣቶቹን ባሕር ማዶ የሚቀበል ሰው መስሎ፣ መጋዘኑን ሊያገኝ ነው የመጣው። ወለቃ ላይ ለአለቃው ለህሩይ «ገበያው ሞቋል» የሚል መልእክት ልኳል። በዚህ ምልክት ፖሊስ ሊከተላቸው ይገባል።

ከኋላ የሚታይ ማኪና የለም።

«እስቲ ስለዚያ አገር አውጋን» አለ ሰጠኝ። «መንገዱ ይጠርልን።»

ንብረት ህሩይ ያስጠናውን ዘረገፈው። «ቅዳሜ ሥራ የለም። ባቡር እይዛለሁ። አንዱን ሳምንት አኮ ከተማ፤ የድሮውን ግንብ ተደግፌ ዓሣ አጥማጆቹን አያለሁ። ሌላውን ነታንያ። አሽዶድ ስወርድ ደግሞ ነፋሱ ከንፈሬ ላይ ጨው ይተዋል።»

ሳሪት ዞር አለች።

«በቅዳሜ?»

«በየቅዳሜው።»

ሰጠኝ ፍሬኑን ረገጥ አደረገ። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

ንብረት በሁለቱ ትከሻ መካከል መላወሻ አጣ።

«አይ፣ ቅዳሜ መቀመጫ አይገኝም» አለች ሳሪት። «ቆሞ ነው የዞረው፤ ጉልበተኛ ነው።»

ሰጠኝ ሳቀ። «እንግዲያው የወገራ አውቶቡስ በይኛ!»

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ቆሟል። ሰጠኝ ከአንድ የቆርቆሮ መጋዘን ፊት አቁሞ ሊከፍት ወረደ።

«ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ ባቡር የለም» አለች ሳሪት በሹክሹክታ። «ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ይቆማል። እዚያ አንድ ሳምንት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ማን አስጠናህ?»

ህሩይ እዚያ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። አስቦ ነው ያስጠናው፤ ንብረት በገዛ አፉ እንዲጋለጥ።

ህሩይ የሰጠኝ ወገን ነው፤ ፖሊስ አይመጣም።

«ለምን አዳንሽኝ?»

«ሰጠኝ፣ ልጆቹ አውሮፕላን እየጠበቁ ነው ብሎኝ ነበር። ትናንት መጋዘኑ በውጭ በኩል መቆለፉን አየሁ።»

የሰጠኝ ስልክ ጠራ። አዳመጠ። ቀና ብሎ ወደ ማኪናዋ አየ። እጁ ጋቢው ሥር ገባ።

ንብረት በሾፌሩ በር ዘሎ ወረደ። መሣሪያ አልያዘም።

«የሰው ያለህ! የአገር ያለህ! አሥራ አንድ ልጆች እዚህ ተቆልፈዋል!»

በዚህ አገር ያን ጩኸት ሰምቶ ድንቹን መሸጥ የሚቀጥል የለም። ዱላ የያዘው በዱላው፣ ሚዛን የያዘው በሚዛኑ ደረሰ። አንድ ጥይት ጮኸ፤ የንብረትን ክንድ ቦጭቆት አለፈ። ሁለተኛ አልተተኮሰም። ሰጠኝ ከሰው ሥር ነበር።

በሩ ተገነጠለ። ልጆቹ ብርሃኑን በእጃቸው እየከለሉ አንድ በአንድ ወጡ። ንብረት ቆጠራቸው። አሥራ አንድ።

ሳሪት ነጠላዋን ቀዳ ክንዱን አሰረችለት። «ወደ ጎንደር እንዳትመለስ። ህሩይ ይጠብቅሃል። የደባርቅ አውቶቡስ ሊወጣ ነው።»

«አብረን እንሂድ።»

እምቢ ብላ ወደ መጋዘኑ በር ተመለሰች።

ከእንግዲህ ቢሮም፣ ቤትም የለውም። አውቶቡሱ ውስጥ ከሽንኩርት ከረጢቶች መካከል ተቀመጠ፤ ማንም ሁለቴ አላየውም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ የሳሪትን ድምፅ በመስኮቱ ሰማ፤ ለገበያው ሁሉ ነበር የምትናገረው።

«ከእነዚህ ሰባቱን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ! ፖሊስ እስኪመጣ ከዚህ አልነቃነቅም!»