የዳኛው የመጨረሻ ደወል

ዳኛው የሞቱት ጭብጨባ መሐል ነው። የክፍላቸው በር ሲከፈት ወንበሩ ተገልብጦ፣ እሳቸው ወለሉ ላይ በጎናቸው ተጋድመው ተገኙ። በቀጭን ገመድ የተያያዘችው ደወል እጃቸው ውስጥ ነበረች፤ አውራ ጣታቸው እንደተጫናት ደርቋል።

«ከየት መጣ?» የተባለው የቴሌቪዥን ውድድር አሥራ አንድ ዓመት ሲታይ ጨዋታው አልተለወጠም። አቅራቢው አንድ አባባል ይጠራል፤ ተወዳዳሪው አባባሉ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ጥያቄውንም መልሱንም የሚያዘጋጁት ዳኛው ነበሩ። መልስ እንዳያሾልኩ ተብሎ ቀረጻው እስኪያልቅ ድምፅ በማታስወጣ ጠባብ ክፍል ይቆለፍባቸዋል፤ ጨዋታውን እዚያው በትንሽ ቴሌቪዥን ይከታተላሉ፣ የሚሉት ካላቸው ይደውላሉ። ቁልፉ አቅራቢው አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ወረቀት እንዳይደብቁበት ኮታቸውም ውጭ ይቀራል። ተመልካቹ ይህን መቆለፍ ከጨዋታው አስበልጦ ይወደው ነበር። ቁልፉ ሲዞር በየቤቱ ያለ ሕፃን ሁሉ «ቀጭ!» ይላል፤ «እማማ»ን ትቶ አፉን በ«ቀጭ» የፈታ ልጅ አለ እየተባለም ይወራል።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ቁንጫ» ይሏታል፤ አንዴ የነከሰችው ሰው እንቅልፍ የለውም። ስትደርስ ፖሊሱ ጥፋተኛዋን አግኝቶ፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ጠበቃት። የደወሉ መስመር ማብሪያ ጠፍቶ ተገኝቷል፤ ማብሪያው ያለው ድምፅ መቆጣጠሪያው ክፍል ነው፤ እዚያ የምትሠራው ደግሞ ከቅጥነቷ የተነሳ «ክር» የሚሏት ልጅ ብቻ ናት።

«እኔ አላጠፋሁትም» አለች ክር። «ስንጀምር በርቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ከወሰዳችሁኝ እናቴን ማን ያገላብጣታል? አልጋ ላይ ናት።»

«ቆይ፣ ተረጋጊ። ዳኛው ሲደውሉ አንቺ ጋ ይሰማል?»

«አይሰማም። አቅራቢው፣ ጋሼ ፊት ያለችው መብራት ናት የምትበራው፤ ከሳቸው በቀር የሚያያት የለም። ሲፈቅዱ የድምፁን መስመር ከጠረጴዛቸው ይከፍቱታል፣ ያኔ የአባባ ድምፅ ይገባል። እንደዚያ ባይሆንማ አባባ አንዴ ከጀመሩ ማን ሊያቆማቸው፤ የማታውን ዜና ለነገ ያሳድሩት ነበር።» ልትስቅ ብላ ፊቷን ሸፈነች።

«በሩን የከፈተው ማነው?»

«እኔ። ቁልፉን ከጋሼ ተቀብዬ ሮጥኩ። ከፍቼ ስጮህ ሐኪም ልጥራ ብለው ሄዱ።»

«ስልኩ የት ነው?»

«እኔ ክፍል።»

ቁንጫ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ወደ ልብስ ክፍል ወረደች። አልባሿ የዳኛው ታናሽ እህት ናት። መተኮሻ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማ፣ የወንድሟን ኮት እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

«እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት። የልብ መድኃኒታቸው የት ነበር?»

«እዚሁ ኮቱ ውስጥ። ሁልጊዜ ሲገባ ወደ ሸሚዙ ኪስ አዛውርለታለሁ። ዛሬ የአሥራ አንደኛ ዓመታችን ነው ብዬ አዲስ ሸሚዝ አለበስኩት። ኪስ የለውም። ክኒኑን በእጄ ይዤ ኪስ ስፈልግለት ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ ተባልን፤ መልሼ ኮቱ ውስጥ ከተትኩት። ደግሞ ቢያመው ይደውላል ብዬ።»

«መልሶቹን ከየት ነበር የሚያመጧቸው?»

«ከዚህ!» አልባሿ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «እኔ ስተኩስ እሱ ቁጭ ብሎ ይፈጥራል። ካሳቀኝ ይተላለፋል፤ ካላሳቀኝ ይጣላል።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«የዛሬውስ? ‹ጆሮ ዳባ ልበስ›?»

«አንድ የጥንት ዳኛ በቅሎ ነበረችው፤ ምስክር በዋሸ ቁጥር ትስቃለች። ችሎቱ ሳቅ በሳቅ ሆኖ አላስቀምጥ ሲለው፣ ከለፋ ቆዳ፣ ከዳባ፣ የጆሮ ቆብ ሰፋላት። ከዚያ ወዲህ የማይሰማ ሰው ሁሉ...» ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም።

«ፈጠራ መሆኑን ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«አቅራቢው። አርባ ዓመት ጓደኛው ነው። በቀደም ወንድሜ፣ ‹ልጆች ይህን ደብተራቸው ላይ እየጻፉት ነው፤ ሳልሞት እውነቱን ልናገር› አለው። ተጣሉ። አርባ ዓመት ተጣልተው አያውቁም ነበር።»

የመጨረሻው ተወዳዳሪ ፖስተኛ ነው። ሽልማት አምልጦት እንኳ አልከፋውም፤ የከፋው ሌላ ነበር።

«‹ከየት እንደመጣ አይታወቅም› ብዬ መለስኩ። ጋሼ ተሳስተሃል ብሎ የበቅሎዋን ታሪክ አነበበልኝ። ዳኛው ይጠየቁልኝ አልኩት። ጎንበስ አለ፣ ካርዱን አስቀመጠ፣ ‹ዳኛችን አልደወሉም› አለኝ። ከዚያ ንግግር ነው፣ ሽልማት ነው፣ ኬክ ነው፤ ሃያ ደቂቃ አጨበጨብን። ሰውየው እዚያ ሆኖ እኛ እናጨበጭባለን!»

ሐኪሙ ለቁንጫ የነገራት ትዝ አላት፤ ክኒኑ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቢደርስ ሽማግሌው ይተርፉ ነበር።

አቅራቢው የሚቆምበት ጠረጴዛ ዘንድ ሄደች። መብራቷ ከጠርዙ ሥር የተቀበረች የድሮ አምፖል ናት። ቁንጫ የጥያቄ ካርዶቹን አንድ በአንድ አየች። የመጨረሻውን አሸተተችው። ከዚያ አራቱንም አስጠራች።

ባዶ ወንበሮች በሞሉበት አዳራሽ ክርና ፖስተኛው ጎን ለጎን ተቀመጡ። አልባሿ ኮቱን እንዳቀፈች ነው። አቅራቢው ከልማዱ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም፣ ጠረጴዛው ዘንድ ሄዶ ቆመ።

«ማብሪያው ጠፍቶ ተገኘ» ብላ ጀመረች ቁንጫ። «ስለዚህ ክር አጠፋችው ተባለ። ግን ክር፣ ማብሪያው ከጠፋ ዳኛው ቢደውሉ መብራቷ ትበራለች?»

«አትበራም።»

«ይህን እዩልኝ።» ካርዱን ከፍ አደረገችው። «ጆሮ ዳባ ልበስ» ከሚለው ጽሑፍ ጀርባ አምፖል የምታህል ክብ ቡናማ ቃጠሎ አለ። «ሌሎቹ ካርዶች ንጹሕ ናቸው። ይህኛው ግን ከበራች አምፖል ላይ ብዙ ደቂቃ ተኝቷል። እንግዲህ መብራቷ በርታለች። ከበራች ማብሪያው በቀረጻው ሰዓት ክፍት ነበር። የተዘጋው በኋላ ነው። በኋላ ክር የት ነበረች?»

«በሩ ላይ» አለች አልባሿ። «ስትጮህ የደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ያን ጊዜ ስልኩ ወዳለበት ወደ ክር ክፍል የገባውስ ማነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ቦታ አዩ።

«ጋሼ፣ ፖስተኛው ዳኛው ይጠየቁልኝ ሲል ጎንበስ ብለው መብራቷ በርታ አዩ። እውነቱን ሊናገሩ ነው ብለው ደነገጡ። ካርዱን ከላይዋ አስተኙት።»

«ሊያዋርደን መስሎኝ ነበር» አለ አቅራቢው። ያ በየቤቱ የሚታወቅ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ አላነሳም እጁን። ‹ምን ዓይነት ግትር ሽማግሌ ነው› እያልኩ በሆዴ ሰደብኩት። ልጅቷ ስትጮህ ገባኝ። ካርዱን ሳነሳ ገና እንደበራች ነበር።»

«ማብሪያውንስ?»

«አላሰብኩም። እጄ ነው የሄደው።»

«እጅዎ ይህችን ልጅ ወህኒ ሊያስገባት ነበር። እናቷ አልጋ ላይ ናት።»

አቅራቢው ወደ ክር ዞረ። ክር ፊቷን አዞረችበት።

አልባሿ ያን ጊዜ ተነሳች። ከኮቱ የውስጥ ኪስ፣ ከክኒኑ ብልቃጥ ጋር የነበረች የታጠፈች ወረቀት አወጣች። «ያንተ ስም አለበት። ከቀረጻው በኋላ ስጪልኝ ብሎኝ ነበር።»

ለመቀበል እጁ እምቢ አለው። ቁንጫ አነበበችለት።

«‹ወንድሜ፣ ሳስበው አደርኩ። አልናገርም። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው የሚያየው ግን ያንተን ፊት ነው። እንዴት አሳፍርሃለሁ? ማታ ቤት ና፤ እህቴ የሳቀችባት አንዲት በቅሎ አለች፣ እሷን ደግሜ ላውራህ።›»

ፖስተኛው ኮፍያውን አወለቀ።

ቁንጫ ክርን በዓይኗ ወደ ቤቷ ሸኘቻት። ልጅቷ ግን በር ላይ ደርሳ ተመለሰች፤ ጠባቧ ክፍል ገብታ ከወለሉ ላይ ደወሏን አነሳች። ማብሪያውን ፖሊሱ ሲሞክረው ከፍቶት ትቶታል። ቦታዋ ልትሰቅላት ስትል በእጇ ተጫነቻት።

ጠረጴዛው ሥር መብራቷ በራች። አቅራቢው አያት፤ በአርባ ዓመት ጓደኝነት ውስጥ በማያውቀው ፍጥነት እጁን ዘርግቶ መስመሩን ከፈተው።

«አቤት» አለ። «አቤት ወንድሜ፣ እየሰማሁህ ነው።»