የአክስቷ ጉንጭ

የምጽፍላችሁ ነገር በእኔ ቤት፣ በእኔው ልጅ ላይ የሆነ ነው። ከሰው ብሰማው «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት» ብዬ የማልፈው ዓይነት ስለሆነ፣ ባታምኑኝም አልቀየማችሁም።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሳሎን ተቀምጫለሁ፤ መጋረጃው ተከፍቷል፤ ልጄ ፊት ለፊቴ ሶፋው ላይ ተኝታለች።

እንዳትነቃ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው...

እኔ ክፉ ክፉውን ማሰብ የሚቀናኝ ሰው ነኝ። ልጄ ትንሽ ካመሸች መኪና ገጭቷት ይሆናል እላለሁ። ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል እላለሁ። እሷ ደግሞ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ የሚያስፈራ ነገር ስታጪ ራሱ ትፈሪያለሽ» ትለኛለች።

ይህን ግን አላሰብኩትም። ይህን የሚያስብ ጭንቅላት የለኝም።

ልጄን ከትንሽነቷ ጀምሮ ብጉር አሠቃይቷታል። ብጉሩ ሲሄድ ጉድጓዱን ትቶላት ሄደ። ሁለቱም ጉንጮቿ ተበሳስተው ቀሩ። ታናሽ እህቴ፣ አክስቷ ማለት ነው፣ «ወንፊት» የሚል ስም አወጣችላት።

«ወንፊቴ፣ ነይ እስቲ ሳሚኝ» ትላታለች ሰው በተሰበሰበበት። «ቀስ ብለሽ ታዲያ፣ እንዳትፍቂኝ።»

ሰው ይስቃል። ልጄም አብራ ትስቃለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ትገባና ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል...

እህቴ ፀጉር ቤት አላት። ማስታወቂያዋ የራሷ ፊት ነው። ቆዳዋ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ያስቀናል። ከግራ ጆሮዋ በታች መንጋጋዋ ላይ ማርያም የሳመቻት ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። ደንበኞቿ «ውበትሽ ያለው እዚቺ ነጥብ ላይ ነው» ይሏታል። እሷም ታምናቸዋለች።

ልጄ የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። አንድ ቀን አለቃዋ ከባንኮኒው አንስቶ ዕቃ ቤት አስገባት።

«ሰው መነጽር ሲሞክር ፊት ነው የሚያየው» አላት። «ያንቺን ካየ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። እንዳትቀየሚኝ፣ ሥራ ነው።»

ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«እማዬ፣ ልታከም ነው። ወይ ይሄ ፊት ይስተካከላል፣ ወይ ሁለተኛ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ልጄን አውቃታለሁ። ያለችውን ታደርጋለች።

ክሊኒኩ ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ነው። ጠባብ ደረጃ፣ ነጭ ግድግዳ፣ የመድኃኒት ሽታ። ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ ለመጨነቅ፣ እህቴ ለመሳቅ።

የቆዳ ባለሙያዋ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ወዲያው ወደድኳት። አታባብልም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ንጹሕ ፊት። እንደ ፎቶ።»

«እንደ ፎቶ የሚባል ቆዳ የለም። ጠባሳ ይለሰልሳል እንጂ ድራሹ አይጠፋም። ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ ፊትሽ ይቀላል፣ ይላጣል። ተአምር እሠራልሻለሁ የሚልሽ ሰው ካለ ሽሺው።»

እፎይ አልኩ። ልጄን የማይዋሻት ሰው ተገኘ ብዬ...

ከዚያ ባለሙያዋ አንድ ነገር አደረገች። ለሁሉም ሰው የማደርገው ነው አለችን። ሰው ከልኩ በላይ እንዳይጠብቅ፣ አብሮት የመጣውን ሰው ቆዳ በቅርብ ታሳየዋለች።

«ከሁለቱ የማንን ላሳይሽ?»

«የእኔን ነዋ» አለች እህቴ፣ ቀድማ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች። «የእታለምማ በሐሳብ አልቋል።»

ባለሙያዋ መብራት ያለው ትልቅ አጉሊ መነጽር ስባ እህቴ ጉንጭ ላይ አመጣችው። ጉንጩ ሳህን አክሎ ታየ።

«እይው። ይሄ ጥሩ የሚባል ቆዳ ነው። እሱም ቀዳዳ አለው። መስመር አለው። ከዚህ በላይ አትጠብቂ። ንኪው።»

ልጄ በጣቷ ዳሰሰችው። ቆየች... በጣም ቆየች።

«በቃ እንጂ፣ ልትበይኝ ነው እንዴ?» አለች እህቴ።

«ይሄ ይበቃኛል» አለች ልጄ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይሄው ራሱ ይበቃኛል።»

ባለሙያዋ መብራቱን አጠፋች። «ልኩን የሚያውቅ ሰው ደስ ይለኛል» አለች።

ሕክምናው ተጀመረ። በጥቃቅን መርፌዎች ጉንጯን እየወጉ ቅባት ይቀቧታል። ቀላች። ተላጠች። ወራት ይፈጃል ስለተባለ እኔ በየቀኑ ላለማየት እጥር ነበር።

ወራት አልፈጀም።

ጉድጓዶቹ ሞሉ። መጀመሪያ የቀኝ ጉንጯ፣ ቀጥሎ የግራው። አለቃዋ ወደ ባንኮኒው መለሳት። ልጄ እያንጎራጎረች ገባች። እኔም እያለቀስኩ አቀፍኳት።

ሳቅፋት ግን...

አገጯ ላይ ጠባሳ ነበራት። መራመድ ስትጀምር ደጃፉ ላይ ወድቃ ነው። ደሙን የጠረግኩት በራሴ ቀሚስ ነው። ሕክምናው ጉንጭ እንጂ አገጭ አልነካም።

ጠባሳው የለም።

«ይሄስ የት ሄደ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ። አብሮ ሄደ።»

ደስታዋን ላለማበላሸት ሌላ ወሬ አነሳሁ። በሌላው ቀን አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ላይ የእህቴ ቅባት ሸተተኝ። እህቴ እኛ ቤት አድራ አታውቅም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጥርሷን ስትፍቅ ጎኗ ቆሜ፣ ከግራ ጆሮዋ በታች ጥቁር ነገር አየሁ። ቀለም መስሎኝ በአውራ ጣቴ ፈተግኩት።

አልለቀቀም።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ማርያም ስማኝ እኮ ነው።»

«ስትወለጂ አልነበረም።»

«እንግዲያውስ ዘግይታ ሳመችኛ» አለችና ሳቀች።

ስልኬን አንስቼ እህቴ ጋ ደወልኩ።

እህቴ ስልክ አታነሳም። ፀጉር ቤቷ ሄድኩ፤ ተዘግቷል። ቤቷ ሄጄ አንኳኳሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ። እስከ ዓይኗ በሻርፕ ተጠቅልላለች። በጠራራ ፀሐይ...

«እታለም፣ ብቻሽን ነሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«እሷ ከኋላሽ የለችም?»

«የለችም አልኩሽ እኮ።»

አስገባችኝና ሻርፑን ፈታች።

ክው አልኩ።

ሁለቱም ጉንጮቿ ተበሳስተዋል። ጆሮዋ ሥር ያለው ነጥብ የለም። አገጯ ላይ ግን ጠባሳ አለ። ደጃፍ ላይ ወድቃ የማታውቅ ሴት አገጭ ላይ፣ የልጄ የደጃፍ ጠባሳ...

«ሐኪም ጋ ሄድሽ? ምን አሉሽ?»

«የድሮ ብጉር ነው አሉኝ። የድሮ፣ እታለም። እኔ በዕድሜዬ ብጉር ወጥቶብኝ ያውቃል?» ቀሚሴን ያዘችኝ። «መልሽልኝ በያት። በጉልበቴ ተንበርክኬ እለምናታለሁ በያት። ሁለተኛ ስሟን እንኳ አልጠራም።»

ወደ ቤት ስመለስ ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማ ፊቷን በእጅ መስታወት ታያለች።

«አክስትሽ ታማለች» አልኳት።

«አውቃለሁ። ትናንት ጠይቄያታለሁ።»

«ምን አልሻት?»

መስታወቱን ዝቅ አላደረገችም።

«ሳሚኝ አልኳት። ቀስ ብለሽ፣ እንዳትፍቂኝ።»

«ልጄ... መልሽላት።»

«ምኑን ልመልስላት? ወንፊቱን? እሱን ወስዳዋለች እኮ።»

ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ፣ እህቴ ከእኔ የሆነ ነገር ስትቀማኝ የምታሳየኝ ፈገግታ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ባለሙያዋ እጇን እየታጠበች አዳመጠችኝ።

«እናቴ፣ እኔ ከቃሌ በላይ አልሠራሁም» አለችኝ። «አንድ ቆዳ አሳየኋት። ያንኑ አገኘች። የሚያማርሩኝ ሌሎቹ ናቸው፣ ያላሳየኋቸውን የሚጠብቁት።»

ፎጣውን አጣጥፋ አስቀመጠች። «ለነገሩ ክንዷ ይቀራል። ቀጠሮ ይዛለች።»

ልጄ ክንዷ ላይ ብጉሩ የተወው ጥቋቁር ምልክት ነበራት። አለቃዋ አስተውሎት ኖሯል። «ፊትሽና እጅሽ የሁለት ሰው ነው የሚመስለው፤ መነጽሩን የምታቀብይው ደግሞ በእጅሽ ነው» ብሏታል።

«ማክሰኞ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለችኝ ልጄ።

«አልሄድም።»

«ብቻዬን አይሆንም እኮ።»

«አልሄድም አልኩ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማዬ... ዕቃ ቤት ልመለስ?»

እናት ያላችሁም፣ እናት የሆናችሁም ፍረዱኝ። ሄድኩ።

ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ባለሙያዋ እጅጌዬን ጠቀለለችው። አጉሊ መነጽሩን ሳበችው። ክንዴ ሰፍቶ ታየኝ፤ ፀጉሩ፣ ሽብሽቡ፣ ከግራ አንጓዬ በላይ ያለችው ምልክት። የካውያ ጫፍ ናት። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ የመጀመሪያ ቀን የደንብ ልብሷን ስተኩስ የተቃጠልኩት።

«ልስልስ ያለ ክንድ ነው» አለች ባለሙያዋ። «ይቺ ቃጠሎ ግን አብራው ትመጣለች። ነግሬሻለሁ።»

«ልጄ፣ ተነሽ እንሂድ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ እማዬ።»

ዳሰሰችኝ። ከክርኔ እስከ አንጓዬ። ቀስ ብላ፣ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሴት። ፊቴን ግን አንዴም አላየችም።

እጄን መንጠቅ እችል ነበር። አልነጠቅኩም።

«ይሄ ይበቃኛል» አለች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ልጄ ሶፋው ላይ ተኝታለች። የግራ ክንዷ ከሶፋው ወርዶ ፀሐይዋ ውስጥ ተዘርግቷል። ጥቋቁሩ ምልክት ጠፍቷል። ክንዱ ልስልስ ብሏል።

ከአንጓዋ በላይ የካውያ ጫፍ የምታክል ምልክት አለች።

እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ ረጅም እጅጌ ለብሼ ነው የምውለው። ገላዬን ስታጠብ መብራት አላበራም። እጅጌዬን አልሰበሰብኩም። አልሰበስብምም።

አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ፣ በእንቅልፏ ቀኝ እጇን አነሳች። በጣቷ ያቺን ምልክት ፈልጋ አገኘቻት። ቀስ ብላ ዳሰሰቻት...

እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ነኝ።

ጣቷ እጅጌዬ ውስጥ ተሰማኝ።