ትርንጎ የቆረጠችው ሸሚዝ

ሠርጓ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሙሽራዋ የሥራ ሸሚዟን እንደለበሰች ትርንጎ ዘንድ መጣች።

«ነጭ ይሁንልኝ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይውረድ። ጫፉ ላይ ደግሞ ጥልፍ ቢኖረው ደስ ይለኛል» አለች።

ትርንጎ ጣቷን የሸሚዙ አንገትጌ ላይ አሳርፋ ትእዛዙን ሰጠች። ግራጫው ጨርቅ ቀስ እያለ ነጣ፤ ወገቡ ላይ ሰብሰብ አለና ከሱሪው ክር እየሳበ ቁልቁል ወረደ። ጥልፉ ከጫፉ ላይ ብቅ ሲል ሙሽራዋ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

«ነገ ወደ ሥራ ልብስነቱ ይመለሳል» አለች ትርንጎ። «ጥልፉን ማስቀረት ከፈለግሽ ግን እጅጌሽ ያጥራል። ያለሽ ክር ያው ነው።»

«ይጠር!» ብላ እየሳቀች ወጣች።

እንዝርት የምትባለው መርከብ ከምድር ተነሥታ ወደ ሌላ ፀሐይ መጓዝ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እንደ ስሟ ቀጭንና ረጅም ናት፤ ያለማቋረጥ ትሾራለች፤ ሰዎቿም በመሾሯ ኃይል መሬት ላይ እንዳሉ ሆነው ይቆማሉ፣ ይራመዳሉ። ለሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰው የሚሆን ቦታ እንጂ ለልብስ መጋዘን የሚሆን ቦታ የላትም። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ለአካለ መጠን ሲደርስ አራት ልብስ ብቻ ይሰጠዋል፤ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ካባና የውስጥ ልብስ። ለዕድሜ ልኩ ነው። አራቱ እርስ በርሳቸው ክር እየተበዳደሩ የሥራም፣ የመኝታም፣ የሠርግም፣ የለቅሶም ልብስ ይሆናሉ። የተሠሩበት ክር ለባዊ ክር ይባላል፤ ለባዊ ማለት አስተዋይ ማለት ነው። ክሩ የለባሹን ሙቀት፣ ላብና የልብ ምት እያጠና ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል፤ ሲቀደድ ራሱን ይጠግናል። ራሱን መጠገን ያቃተው ልብስ ትርንጎ ጋ ይመጣል። ለባዊ ክርን መቁረጥ የሚችለው ብቸኛ መቀስም ያለው እሷ ጋ ነው።

መቀሱን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አደጋ ላይ ለወደቀ ሰው ተጠቅማበት አታውቅም ነበር። ሙሽራዋ የወጣች ዕለት ግን ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መብራት በራ።

«ትርንጎ፣ ወደ ምግብ አዳራሽ! መቀሱን ይዘሽ ሩጪ! ልብስ ሰው እያነቀ ነው!»

ደረሰች። ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። መሐል ላይ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛው አቶ ደምሳሽ በጀርባው ተዘርሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰማያዊው ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተሰብስቦ እንደ ጡንቻ ይኮማተራል። ሚስቱ እትዬ አስካለ ላዩ ላይ ተደፍታ ጨርቁን በጥፍሯ ለመቅደድ ትታገላለች።

«ቁረጪው! ቁረጪልኝ! ገደለብኝ!»

ደንቡም ግልጽ ነበር፤ የጠበቀ ልብስ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይቆረጣል። ትርንጎ ተንበረከከች፤ መቀሱን ከአንገትጌው ሥር አስገብታ እስከ እምብርቱ ድረስ በአንድ ጊዜ ሰነጠቀችው። ሸሚዙ ተዝለፈለፈ። አቶ ደምሳሽ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ሁሉም «ተመስገን» አለ።

መልሶ ግን አልተነፈሰም።

ዶክተር ሩማና ከመርከቧ ሌላኛው ጫፍ፣ ስታዋልድ ከነበረችበት እየሮጠች ስትደርስ ልቡ ከቆመ ቆይቷል። የደረቱን ሰንበር አየችና ዓይኑን ከደነችለት። ትርንጎ መቀሱን እንደያዘች ቀረች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀላት ሰው ነበር፤ ማን እንደነበር ግን አታስታውስም።

በማግሥቱ የመርከቧ ደህንነት ኃላፊ ኢንጂነር ገልገሎ ትእዛዝ አወጣ። ለባዊ ክር ያለበት ሸሚዝ ሁሉ ተሰብስቦ ይቃጠል፤ በምትኩ የወር ልብስ ይታደል። የወር ልብስ ከተክል ቃጫ በማሽን የሚታተም፣ አንድ ወር ተለብሶ የሚቀልጥ ጨርቅ ነው። ገልገሎ ይህንን ሐሳብ ካመጣ ዓመት አልፎታል፤ ወጣቶቹም በየወሩ አዲስ መልበሱን ወደውት ነበር። አሁን ደግሞ ሞት ተጨመረበት። የሚከራከረው ሰው ጠፋ።

ትርንጎም ልትከራከረው አልፈለገችም። እሷም የራሷን ሸሚዝ ስትነካው ይዘገንናት ጀምሮ ነበር። ከማቃጠሉ በፊት ግን የብልሽቱን ምክንያት መጻፍ ሥራዋ ስለሆነ፣ የተቆረጠውን ሸሚዝ የክር ማንበቢያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጠረጴዛው ክሩ ያደረገውን እንቅስቃሴ ሁሉ በመስመር ይሥላል።

ያነቀ ልብስ ምን ዓይነት መስመር እንደሚሥል ከሥልጠናዋ ታውቃለች፤ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። የደምሳሽ ሸሚዝ መስመር ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። በደቂቃ መቶ ጊዜ። አንዱ ከሌላው ሳይዛነፍ።

ገልገሎ ቢሮ ሄዳ መስመሩን አሳየችው።

«ይጨብጣል፣ ይለቃል። አንቆ ቢሆን ኖሮ አይለቅም ነበር።»

«ትርንጎ፣ ሰው ሞቷል» አለ፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «እየለቀቀ ያንቅ፣ ሳይለቅ ያንቅ ምን ለውጥ አለው? ሁለት ሺህ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለብሶ ዛሬ እንዲተኛ ልፍቀድ?»

የመስመሩን ወረቀት ጠቅልላ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ሸሚዙን ለማስረከብ አዳራሹ ውስጥ ተሰለፈ። በአንዱ በር ሸሚዛቸውን አውልቀው ሳጥን ውስጥ ይጥላሉ፤ በሌላው አዲስ የታተመ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። አንዳንዱ ሃያ ስድስት ዓመት የለበሰውን ሲጥል እጁ ይዘገያል። ሳጥኖቹ እየሞሉ ሄዱ። ተራው መርከቧ ላይ ያደጉትን ልጆች ሁሉ ያስተማሩት የመምህር ኢሳያስ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ፈቱ። ሁለተኛውን ለመፍታት እጃቸውን ሲያነሡ ወለሉ ላይ ወደቁ።

ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተሰበሰበ። መኮማተርም ጀመረ።

ጩኸት ሆነ። «ያው መጣ! ቁረጪው!» አንዷ ልጇን አቅፋ ሸሸች። ሌሎች የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየገነጠሉ ያወልቁ ጀመር። ትርንጎ ከመምህሩ አጠገብ ተንበርክካ መቀሱን አንገትጌው ሥር አስገባች፤ ጣቶቿም ሊጨብጡት ሲሉ የሸሚዙ እንቅስቃሴ በመዳፏ ጀርባ ተሰማት። ይጨብጣል፣ ይለቃል። ይጨብጣል፣ ይለቃል። ሌላኛውን እጇን የመምህሩ አንገት ላይ አደረገች። ሸሚዙ ሲጨብጥ የአንገታቸው ደም ሥር ይመታል። ሸሚዙ ሲለቅ ይቆማል።

ከሸሚዙ ምት ሌላ ምት የላቸውም።

የገባት የመምህሩ ነገር ብቻ አልነበረም፤ የደምሳሽም ጭምር እንጂ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ቁረጪ እንጂ!» ገልገሎ ደረሰ። ሳትቆርጥ ስትቀር መቀሱን ሊነጥቃት ጎንበስ አለ። እሷ መቀሱን ወደ ሰዎቹ እግር ሥር ወርውራ መምህሩን በሁለት እጇ ከለለቻቸው።

«ሸሚዙን እንዳትነኩት! ልባቸው ቆሟል! ሸሚዙ ነው የሚመታላቸው!»

«አብደሻል! ትገድያቸዋለሽ!»

«አንድ ገድያለሁ!» ብላ ጮኸች። «ሁለተኛ አልገድልም! ሩማናን ጥሩልኝ!»

ለስድስት ደቂቃ የሚሰማ ነገር ቢኖር የጨርቁ መኮማተር ብቻ ነበር። ዶክተር ሩማና ስትደርስ ትርንጎ እጇን ይዛ አንገታቸው ላይ አስቀመጠችላት። ሩማና ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ዳሰሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ እንደማታውቃት ሁሉ ተመለከተቻት። የልብ ማስነሻውን ከሸሚዙ በላይ አስጠጋች። ከሁለተኛው የኤሌክትሪክ ምት በኋላ መምህር ኢሳያስ ዓይናቸውን ገለጡ። ሸሚዙም በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ላላ።

ገልገሎ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ማቃጠሉ ቀርቶ፣ ለሁለት ቀን ትርንጎና ሩማና የተሰበሰቡትን ሸሚዞች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ እየዘረጉ አነበቡ። ገልገሎ ራሱ ሳጥኖቹን እየተሸከመ ያቀርብላቸው ነበር። ሩማና የሸሚዙን ቁጥር ትጠራለች፤ ትርንጎ ትጽፋለች።

ያገኙትን ነገር መጀመሪያ ላይ ሁለቱም አላመኑም። ደምሳሽና መምህር ኢሳያስ የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። ሥራ ላይ፣ እንቅልፍ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ ልባቸው ቆሞ ሸሚዛቸው ያቆያቸው ሰዎች ነበሩ። ጨርቁ ልባቸው ራሱን ችሎ እስኪነሣ መትቶላቸው፣ ሲነሣ ላልቶ ሥራውን ቀጥሏል። ለማንም አልተናገረም፤ ተናገር ብሎ ያዘዘው ሰው አልነበረማ። ምታ ብሎ ያዘዘውም የለም። ለዓመታት ያጠናው ምት ሲጠፋበት እንደነበረ ሊመልሰው ሞከረ፤ ይኸው ነው። ያዳኑት ሁሉ ደግሞ አሮጌ ሸሚዞች ናቸው። ከተለበሰ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሸሚዝ አንድ ሰው እንኳ አላዳነም። ለባሹን ገና አላወቀውም ነበር።

«ስልሳ ሁለት» አለች ትርንጎ የጻፈችውን ቆጥራ። «ስልሳ ሁለት ሰው ሞቶ እንደነበር ሳያውቅ ከእኛ ጋር ይመገባል።»

«አንድ ጨምሪ» አለች ሩማና። «ቁጥር አንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በምሳ ሰዓት። አራት ደቂቃ።»

ትርንጎ አልጻፈችም።

«ማን ነው?» ብላ ሩማና ዞረች።

«እኔ ነኝ።»

ያንን ቀን ታስታውሰዋለች። ሥራ ቦታዋ ወለል ላይ ነቅታ፣ ጎድኗን አሟት፣ ደክሞኝ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው ብላ ተነሥታ የጀመረችውን ኮሌታ ጨርሳ ነበር። ኮሌታው የማን እንደነበር ሁሉ ታስታውሳለች። በጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የራሷን ሸሚዝ ለመንካት እጇን ሰደደች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ ብዕሩን አንሥታ «ስልሳ ሦስት» ብላ ጻፈች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸሚዞቹ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ሰዉ ተሰልፎ ተቀበለ። ገልገሎ እያንዳንዱን በሁለት እጁ ነበር የሚሰጠው።

ትርንጎ ከሰልፉ ቀጥ ብላ ወደ እትዬ አስካለ ክፍል ሄደች። እትዬ አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከደምሳሽ ልብሶች የቀሩት ሦስቱ ተጣጥፈው አጠገቧ አሉ።

«ሰምቻለሁ» አለች እትዬ አስካለ፣ ትርንጎ ገና ሳትናገር። «ግን ካንቺ አፍ ልስማው። ባትቆርጪው ይተርፍ ነበር?»

ትርንጎ በመንገዷ ሁሉ ሌላ ዓይነት አነጋገር ስትፈልግ ነበር የመጣችው። አላገኘችም።

«ሩማና እስክትደርስ ያቆየው ነበር። ይተርፍ ነበር፣ እትዬ አስካለ።»

እትዬ አስካለ አላለቀሰችም። ቀኝ መዳፏን ገልጣ ተመለከተች።

«እጄ ደረቱ ላይ ነበር። ከጨርቁ ሥር ሲመታ ይሰማኝ ነበርኮ። ዱም፣ ዱም ይላል። የራሱ ልብ መስሎኝ፣ በሕይወት አለ ብዬ... በሕይወት እያለ ድረሺለት ብዬ ነው ቁረጪው ያልኩሽ።»

ትርንጎ በሩ ላይ እንደቆመች ግድግዳውን ያዘች።

«አንቺም ከስልሳ ሦስቱ አንዷ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ አጠገብሽ ማን ነበር?»

ትርንጎ አሰበች። ክፍሉን፣ የምሳውን ሰዓት፣ የተዘጋውን በር።

«ማንም አልነበረም።»

እትዬ አስካለ ራሷን ነቀነቀች፤ ስትጠብቀው የነበረው መልስ ይኸው እንደሆነ ሁሉ።

«ለዚህ ነዋ የተረፍሽው» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ግን እኛ ነበርንለት።»

ከዚያ የታጠፉትን ልብሶች ወደ ጭኗ ስባ፣ ለትርንጎ መቀመጫ ቦታ ለቀቀችላት።