በሦስት ቋንቋ የተበላ ምሳ

ለተከበረው የፊልም አፍቃሪ ሕዝብ በሙሉ! ታላቁ ተዋናይና ዳይሬክተር ኬሳቫን ማራር ሪዙን መላጨቱን በጥልቅ ስሜት እናስታውቃለን። ይህ ዜና ሰኞ ጠዋት በማላያላም፣ በታሚል፣ በቴሉጉና በሂንዲ ጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ማክሰኞ ፕሮዲዩሰሩ ራንጋያ ሞተ። እሱን አራተኛ ገጽ ላይ፣ ከጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሥር ወሸቁት።

ኢንስፔክተር ፔቺያማል ጃንጥላዋን በክንዷ አንጠልጥላ ኮዳምባካም ስቱዲዮ ስትደርስ፣ ሬሳው የሠርግ እንግዳ ልብስ እንደለበሰ ምሳ በቀረበበት የሙዝ ቅጠል አጠገብ ተዘርሮ ነበር። አፉ ቀልቷል። ከምሳ በኋላ የሚታኘከው ታምቡል፣ ኖራና ፍሬ የተጠቀለለበት ቅጠል፣ ግማሹ ገና ጉንጩ ውስጥ ነው።

ፊልሙ የሚቀረጸው በሦስት ቋንቋ ነው። ያንኑ የሠርግ ምሳ መጀመሪያ በማላያላም ይበሉታል፤ ልብስና የግንባር ምልክት ቀይረው በታሚል ይደግሙታል፤ እንደገና ቀይረው በቴሉጉ። የሙሽራይቱ አባት ማራር ነው፤ ሙሽራይቱ ሄማፕራባ። ፊቱን በስክሪን ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ራንጋያ ደግሞ ራሱን የሙሽራው አጎት አድርጎ ቀጥሯል። ሁለት ጊዜ በልቶ ተረፈ። በሦስተኛው፣ አባትየው በገዛ እጁ በትሪ ያቀረበለትን ታምቡል አነሳ፣ አኘከ፣ ዋጠ፣ ወደቀ።

አመሻሽ ላይ የሐኪሙ ቃል መጣ። ቅጠሉ ላይ ምላስ የሚያደነዝዝ የሥር መርዝ ተገኝቷል፤ ትሪው ላይ የተረፉት ሁለቱም እንደዚያው።

«ማን አቀረበለት? ማራር። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ አለቃዋ በስልክ። «እስከ ነገ ቀትር እሰሪው።»

ፔቺያማል መጀመሪያ ያነጋገረችው ኤካምባራምን ነው፤ ከካሜራ ጀርባ ቆሞ ለተዋንያን ቃላቸውን የሚያስታውሰውን። ታምቡሉን የጠቀለለውም እሱ ነው።

«ከገዛ ሳጥኔ ነው፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ከዚያው ሳኝክ ዋልኩ። ይኸው አለሁ» አለ ቀይ ጥርሱን ገልጦ።

«ማራርን በደንብ ታውቀዋለህ?»

«ማወቅ? ማራር እኮ እኔ ነኝ! ሃያ ሁለት ዓመት ፊልሙ ላይ በእሱ ፈንታ በታሚልና በቴሉጉ የተናገርኩለት ማን ሆነና? እሱ ፊትና ቦርጭ ነው፤ ጉሮሮው እኔ ነኝ። ታሚሎች ‹የኬራላ ሰው› ይሉታል፤ ማላያላም ተናጋሪዎቹ ኬራላዎች ‹ጥሎን የሄደ› ይሉታል፤ ቦምቤይ ለሂንዲ ፊልሟ ሽፍታ ሲያስፈልጋት ብቻ ትጠራዋለች። አሁን በስድሳ ዓመቱ ‹በሦስቱም ቋንቋ በገዛ ድምፄ እናገራለሁ› ብሎ ተነሳ። ቴሉጉ ሲናገር ሰምተውት ያውቃሉ፣ እመቤት? ኮኮናት በድንጋይ የሚፈልጥ ነው የሚመስለው!»

«ራንጋያስ ፈቀደለት?»

«አስፈረመው። ሐሙስ ጠዋት ድምፅ ሲቀዳ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ከተናገረ ይሁንለት፤ ካልተናገረ ድምፁ የኔ ነው። ራንጋያ ቢሞትም ውሉ አልሞተም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ጠዋት ራንጋያ ሲያሾፍበት አና ምን አለው መሰለዎት? ‹ከሁለት አንዳችን ሳንሞት ድምፄን አትወስድም!› ስቱዲዮው በሙሉ ሰምቷል።»

ሰፈሩ ሁሉ ማራርን «አና» ነው የሚለው፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ታላቅ ወንድምን አሳልፎ መስጠትም እንዲህ ይቀላል።

ሄማፕራባ የሙሽራ ጌጧን ሳታወልቅ ተቀምጣ ነበር።

«አንቺም ታምቡል አንስተሽ ነበር?»

«ሁላችንም አንስተናል። ግን አናኝክም፤ አፍ ያቀላል። ለሚቀጥለው ቀረጻ በቀይ አፍ እንዴት ይገባል? ጥርሳችን መሃል ይዘን ቆይተን እንተፋዋለን። የሚያኝከው ራንጋያ ብቻ ነበር፤ እሱ እንደሆነ አፉ ሁሌም ቀይ ነው።»

«ስንት ዓመት ሠራሽለት?»

«አራት። ከውሌ አምስት ይቀረኛል። እስከዚያ ከእሱ ፊልም ውጪ የትም፣ በማንም ቋንቋ አልሠራም። ቦምቤይ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ነበር። ‹ላሜ በሌላ ሰው ሜዳ አትግጥም› ብሎ መለሰላቸው።»

ማራር ግን ምንም አልተናገረም። መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ገደሉት?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አልገደልኩም ነው።

«ዝም ካሉ ነገ ቀትር አስሬዎት እሄዳለሁ። ገመድ ያለበት ጉዳይ ነው፤ ይገባዎታል?»

ይገባኛል አለ፤ ጭንቅላቱን ነቅንቆ። ረዳቱ ያመጣለትን በርበሬ የበዛበት ትኩስ ሾርባ እንኳ ሳይነካ ገፋው። ፔቺያማል ሾርባውን አየች፣ መሐረቡን አየች፣ ምንም ሳትል ወጣች።

«የሦስቱም ቀረጻ ፊልም ታጥቦ ለጠዋት ይድረስልኝ» አለች ለካሜራው ሠራተኞች።

ረቡዕ ረፋድ ሦስቱን ተጠርጣሪዎች ሰብስባ ማሳያ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ሦስቱ ምሳዎች ተራ በተራ ጸጥ ብለው ተበሉ።

«ባሌ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ስለሆነ ፊልም አልወድም» አለች ፔቺያማል። «ይህን ግን አራት ጊዜ አየሁት። ትሪውን ተመልከቱ። በማላያላሙና በታሚሉ እያንዳንዱ ታምቡል በቅርንፉድ ተወግቶ ተያይዟል። ኤካምባራም፣ ሁሌ እንዲህ ነው የምታደርገው?»

«ከአባቴ የተማርኩት ነው።»

«በቴሉጉው ቅርንፉዱ የለም። አንድ ሰው ልብስ ሲቀየር ቅጠሎቹን ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ አጣጥፎ መለሳቸው። አንተ ብትሆን ኖሮ እጅህ ሳያስበው ቅርንፉዱን ይሰካ ነበር። ደግሞ ሁሉም ተቀብተዋል። ለምን? የሚያኝከው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን የሚያውቅ፣ የትኛውን እንደሚያነሳ አያስጨንቀውማ።»

«ይህን ሁላችንም እናውቃለን» አለች ሄማፕራባ።

«ታውቃላችሁ። አሁን ማራርን እዩ። በሁለቱ ቀረጻዎች ቅጠሉን ጥርሱ መሃል ብቻ ይይዛል። ሦስተኛው የቀኑ የመጨረሻ ነው፤ አፍ ቢቀላም ግድ የለም። ነከሰው! ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ቀዩ ይታያል። ከዚያ ይተፋዋል። መርዝ የቀባ ሰው መርዙን በጥርሱ አይነክስም። አሁን ሙሽራይቱን እዩ። በማላያላም ቅጠሉ አፏ ገባ። በታሚል ገባ። በቴሉጉ እጇ ወደ አፏ ይሄዳል፣ ጉንጯም ይንቀሳቀሳል፤ ቅጠሉ ግን መዳፏ ውስጥ ነው።»

ምስሉ መዳፏ ላይ ቆመ። አረንጓዴው ጫፍ በጣቶቿ መሃል ብቅ ብሏል።

ሄማፕራባ አላለቀሰችም። «ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ውሉ ሲያልቅ የሚጠሩኝ ለእናትነት ነው። ፊቴን ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈው፤ አልቆለፍም አልኩ። ይኸው ነው።» ወደ ማራር ዞረች። «አና፣ እርስዎ ይነክሳሉ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ማራር ትከሻዋን በእጁ ነካ ነካ አደረገ። ኤካምባራም ግን የማራርን አፍ አፍጥጦ ያይ ነበር፤ ሐሙስ ነገ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኤካምባራም በለብታ ውኃ ጉሮሮውን እያጸዳ ድምፅ መቅጃ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ማራር በአጠገቡ አልፎ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አብጦ፣ ተጎትቶ፣ ግማሹ በአፍንጫ ወጣ።

«ይህ ቴሉጉ ነው?» ጮኸ ኤካምባራም። «ይህ እኮ ማላያላምም አይደለም!»

«አና፣ ምላስዎ ደንዝዟል» አለ ድምፅ ቀጂው። «ውሉ መናገር ነው የሚለው፤ ይህ ደግሞ…»

«ተናገርኩ» አለ ማራር። «ቅዳ።»

ቀጂው ቀዳ። ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አሥር፣ ሃያ። ማራር ላቡን እየጠረገ፣ ያበጠ ምላሱን ከእያንዳንዱ ቃል ጋር እያታገለ ቀጠለ። ኤካምባራም ውኃውን አስቀምጦ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

ለዕረፍት ሲያቆሙ ፔቺያማል የምስክርነት ቅጿን ይዛ ገባች።

«ቀይ ከንፈርዎንና ያበጠ ምላስዎን ቢያሳዩኝ ማክሰኞ ዕለት ነፃ ይወጡ ነበር» አለች። «አንድ ሰው ለመታሰር አንድ ቀን ሲቀረው አፉን ይዘጋል? እዚህ ላይ ‹ምክንያት› የሚል ቦታ አለ። ምን ብዬ ልሙላው?»

«ባዶ ተዪው።»

«አለቃዬ ይጠይቀኛል።»

«ይጠይቅሽ» አለ ማራር። «አልናገርም።»