በሩ ላይ የቆመው ወንበር

«መርፌ፣ ያ ከኋላ የመስታወቱ ክፍል ውስጥ የሚያጨበጭበው ልጅ የናንተ ነው እንዴ?» አለቻት ጓደኛዋ፣ የመዘምራን ጋውኗን እያጠለቀች።

ልጅቷን ከቅጥነቷም ከምላሷም የተነሳ መርፌ ይሏታል። ምላሷ ያን ጠዋትም ቀደማት። «የጎረቤት ልጅ ነው» አለች። ካለችው በኋላ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ልጁ ታላቅ ወንድሟ ነው። ቁመቱ በር ይሞላል፤ ጫማውን የምታስርለት ግን እናቱ ናት። ያገኘውን ሁሉ «ተነስ፣ ተቀመጥ» እያለ ስለሚያዝ ቤት ውስጥ አለቃ ይሉታል። መዝሙር ሲሰማ ደግሞ አንድ ስንኝ ዘግይቶ፣ ጣሪያ በሚነቅል ድምፅ ይከተላል። ሰው ዞር ዞር ባለ ቁጥር መርፌ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወድ ነበር። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን አስተናጋጅ ሽማግሌ ጠጋ ብላ፣ እናቷና ወንድሟ ከኋላ ባለው፣ የሚያለቅሱ ሕፃናት በሚያዙበት የመስታወት ክፍል ቢቀመጡ እንደሚሻላቸው ሹክ አለቻቸው። እሳቸውም ደግ ሐሳብ መሰላቸው። እናትየው የሽማግሌዎቹ ውሳኔ መስሏት ልጇን ይዛ ገባች። ይኸው ስምንት ወር ሆነ።

ያን ጠዋት የመዘምራኑ መሪ ከዚያ ክፍል የማይክ ማቆሚያ እንድታመጣ ላካት። ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ የሰባኪው ድምፅ አብሮ ተዘጋ። ግድግዳው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ ቀና ብላ አየችው።

«እማ፣ ይሄ ነገር አይሠራም እንዴ?»

«እኛ ከገባን ሠርቶ አያውቅም» አለች እናቷ፣ የአለቃን ጫማ እያሰረች።

«ታዲያ ምን ትሰማላችሁ?»

«ምን እንሰማለን፣ አንቺን እናያለን እንጂ። አፍሽ ሲከፈት እሱ ያጨበጭባል።» ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገችው። «ለምን አልነገርሽኝም እንዳትይ። ከዚህም ውጡ ቢሉንስ ብዬ ነው።»

አለቃ የመርፌን እጅ ያዘና፣ «ተቀመጪ» ብሎ አዘዛት።

ከክፍሉ ውጪ መዘምራኑ ተሰልፈዋል። መርፌ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና እንዳይዘጋ የፕላስቲክ ወንበር አስደገፈችበት። አስተናጋጁ ሊዘጉት ፈጠን ብለው መጡ።

«ጋሼ፣ ያኔ የነገርኩዎትን ይተዉት» አለቻቸው። «ስለነሱ ብዬ አልነበረም። አፍሬ ነው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ገባት። ዓይኗን ከመርፌ ነቅላ የአለቃን ኮሌታ ማስተካከል ያዘች። አስተናጋጁ ወንበሩን አዩት፣ እናትየውን አዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ጓደኛዋ እየሮጠች ደረሰች፤ መሪው በንዴት ሊፈነዳ ነው አለች። መርፌ የማይክ ማቆሚያውን አስጨበጠቻት።

«አንቺ አድርሺው። ወንድሜ ነው።»

ሙዚቃው ሲጀመር መርፌ ተመልሳ የወንድሟን እጅ ያዘች። በተከፈተው በር የመጀመሪያው ስንኝ ክፍሉን ሞላው፤ የአለቃ ዓይን ፈጠጠ። ከፊት ያለው ሰው ከወዲሁ ዞር ዞር ማለት ጀምሯል። የመርፌ ጆሮ እንደገና ጋለ፤ የወንድሟን እጅ ግን አልለቀቀችም። መዝሙሩን በቃሏ ታውቀዋለች። አንዱን ስንኝ አሳለፈችና አለቃ ሲጀምር ጀመረች።